ከሥዕሉ ሥር ያለችው መስመር

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ዝናብ ይሄን ያህል ሰው ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም። ከመጀመሬ በፊት አንድ ማሳሰቢያ፦ ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። እየቀነሳችሁ ስሙኝ።

ነገሩ የጀመረው ካፌ ውስጥ ነው። ሠፈሬ ያለ፣ ማኪያቶው ደህና የሆነ፣ ወንበሩ የማይመች ካፌ። ግድግዳው ላይ አንድ ያረጀ ሥዕል በፍሬም ተሰቅሏል። ከድሮ የጉዞ መጽሐፍ የተገነጠለ ገጽ ነው። ቀለም የለውም፣ በቀጫጭን ጥቁር መስመር የተሠራ ነው። ረጅም ሣር አለ፣ ዘንባባ አለ፣ በሣሩ መሀል የሚያልፍ የሰው ሰልፍ አለ። የሰልፈኞቹ ሁሉ ጭንቅላት ላይ ሸክም አለ። መሀል ላይ ባርኔጣ ያደረገ ነጭ ሰውዬ፣ ሰዎች በተሸከሙት ቃሬዛ ላይ ጋደም ብሏል። እግሩን አጣምሯል።

ወራት ሙሉ ከሥዕሉ ሥር ተቀምጬ ማኪያቶ ጠጥቻለሁ። አንድ ቀን የምጠብቀው ሰው አረፈደብኝና መቁጠር ጀመርኩ። ሸክም የያዙት አሥራ አንድ ናቸው። ዓይንና አፍንጫ በደንብ የተሳለለት ግን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የተኛው። ሌሎቹ ጀርባ፣ ባት፣ ክንድ ናቸው። የሳጥኖቹ ገመድ እንኳን ከፊታቸው የተሻለ ተለፍቶበታል። ቋጠሮው ይታያል።

ሥራዬ ለሕትመት ፎቶ መምረጥና ከፎቶው ሥር የምትገባዋን መስመር መጻፍ ነው። ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ስለዚህ ዛሬ የማወራችሁ እንደ ታሪክ ምሁር ሳይሆን እንደ መግለጫ ጸሐፊ ነው። የደረስኩበትን ቀድሜ ልንገራችሁ፦ በእነዚያ የቅኝ ግዛት ዘመን የጉዞ መጻሕፍት ውስጥ የግዳጅ ሥራ አልተደበቀም። በየገጹ ተስሎ አለ። አንባቢው እያየ እንዳያይ ያደረገችው ከሥዕሉ ሥር ያለችው መስመር ናት።

መጀመሪያ ሥዕሎቹ እንዴት ይሠሩ እንደነበር ላሳያችሁ፤ እኔ ይሄን ስሰማ ገርሞኛል። በ1860 ፓሪስ ላይ ኤድዋር ሻርቶን የሚባል ሰው «ለ ቱር ዱ ሞንድ» የተባለ ሥዕላዊ የጉዞ መጽሔት ጀመረ። «የዓለም ዙሪያ ጉዞ» እንደማለት ነው። ተጓዡ ከአፍሪካ ንድፍ ወይም ፎቶግራፍ ይዞ ይመለሳል። በዚያን ጊዜ ፎቶን ከፊደል ጋር አንድ ገጽ ላይ ማተም አይቻልም ነበር። ስለዚህ ከተማ የተቀመጠ ሠዓሊ ንድፉን እንደገና ይስለዋል። ከእነዚህ ሠዓሊዎች አንዱ ኤድዋር ሪዩ ነው። ሪዩ የዡል ቬርንንም ልብ ወለዶች የሚስል ሰው ነበር። አንድ እጅ ነው፤ ጠዋት የባሕር ጭራቅ፣ ከሰዓት የኒጀር ወንዝ ተሸካሚዎች።

ቀጥሎ ሥዕሉ ወደ ቀራጩ ይሄዳል። ቀራጩ በጣም ጠንካራ በሆነ እንጨት ላይ በቀጭን ስለት ይቀርጸዋል። ያ እንጨት ዛፉ ትንሽ ስለሆነ ትልቅ ቁራጭ አይወጣውም። ትልቅ ሥዕል ሲያስፈልግ ትንንሽ ቁራጮች በብሎን ይገጣጠማሉ። ሥራው ሲያስቸኩል ደግሞ ቁራጮቹን ፈትተው ለተለያዩ ቀራጮች ያድሏቸዋል። ሁሉም ድርሻውን ጨርሶ ሲያመጣ መልሰው ይገጥሙታል። አስቡት፤ የአንዱ ተሸካሚ እግር በአንድ ሰው እጅ፣ ጭንቅላቱ ላይ ያለው ሸክም በሌላ ሰው እጅ ተቀርጾ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም አፍሪካን አላዩም። ሁለቱም የሚከፈላቸው በሥራው ልክ ነው። በእነሱ አልፈርድም። እኔም አይቼው በማላውቀው አገር ፎቶ ሥር ስንት መስመር ጽፌያለሁ!

አሁን ሁለት ሥዕል በሐሳባችሁ ጎን ለጎን አስቀምጡልኝ።

አንደኛው በ1865 ከታተመው፣ ሚሲዮናዊና አሳሽ ከነበረው ከዴቪድ ሊቪንግስተን የዛምቤዚ ወንዝ ጉዞ መጽሐፍ ነው። ሰዎች በሰልፍ ይሄዳሉ። ወንዶቹ አንገታቸው ላይ ባላ እንጨት ተጠምዶባቸዋል። ሊቪንግስተን እንጨቱን በዝርዝር ጽፎታል፤ ቁመቱ ሁለት ሜትር ገደማ፣ የባላው አፍ ጉሮሮ ላይ በብረት ዘንግ የተዘጋ፣ ብረቱ በሁለቱም ጫፍ የተቀጠቀጠ። እንደ በሬ ቀንበር አይፈታም። ነገሩ የሆነው በሐምሌ 1861 በዛሬዋ ማላዊ፣ ምባሜ የሚባል አለቃ መንደር አጠገብ ነው። ነጂዎቹ እንግሊዞቹን ሲያዩ እግሬ አውጪኝ አሉ። 84 ሰው ተፈታ፤ አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት። ባላውን ለመቁረጥ መጋዝ ከየት ይምጣ? አብሯቸው ከሚጓዘው ጳጳስ ጓዝ ውስጥ ተገኘ። ሴቶቹ ቁርስ ሥሩ ሲባሉ ያንኑ የባርነት እንጨት ማገዶ አደረጉት። ይቺን ስጽፍ እጄ ቆመ፤ ምን ያህል ሌሊት አንገት ላይ ያደረ እንጨት ነው ገንፎ ያበሰለው?

የሥዕሉ መግለጫ ምርኮኞች መሆናቸውን በግልጽ ይናገራል። እውነት ነው፣ ጥሩ ነው። ይህ ሥዕልና መሰሎቹ እንግሊዝን አስለቅሰዋል። የባሪያ ንግዱን ለማስቆምም ረድተዋል።

ሁለተኛው ሥዕል ከየትኛውም የዚያ ዘመን መጽሐፍ ሊሆን ይችላል። ያው ሣር፣ ያው ቀጭን መንገድ፣ ያው ሰልፍ፣ ያው ጎንበስ ያለ አንገት። ባላው የለም፤ በባላው ፈንታ ሳጥን አለ። ከሥሩ «ጉዟችን ወደ ሐይቁ» ይላል። ወይም «ወንዙን ስንሻገር»። «ስንሻገር» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። እኛ ማን ነን? ከተሻጋሪዎቹ መሀል እግሩ ያልረጠበ አንድ ሰው አለ፤ መጽሐፉን የጻፈውም እሱ ነው።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ ልሁን። ሸክም ሁሉ ግዳጅ አልነበረም። በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ፣ ከባጋሞዮ ወደ ታንጋኒካ ሐይቅ በሚወስደው መንገድ፣ ተሸካሚነት ሙያ ነበር። የዛሬዋ ታንዛኒያ ሕዝብ የሆኑት ኛምዌዚዎች በሸክም ይታወቃሉ፣ ይኮሩበታል። ደመወዝ ይደራደራሉ፣ ሲከፋቸው ጥለው ይሄዳሉ። ከዛንዚባር ከሚቀጠሩት መሀል ደግሞ የሰው ባሪያ የነበሩ ነበሩበት። ጌታቸው ያከራያቸዋል፣ ከሚያገኙት ድርሻውን ይወስዳል። አንድ ሰልፍ ውስጥ ነጻ ሠራተኛና ባሪያ አብረው ይሄዳሉ ማለት ነው። በሥዕሉ ላይ ማንን ከማን ትለያላችሁ? አይለይም።

ከተሸካሚ ስሞች አንዱን እኛም እንጠቀምበታለን። መርካቶ ሄዳችሁ «ኩሊ!» ብላችሁ ስትጣሩ፣ ያ ቃል ሕንድ ውቅያኖስን ተሻግሮ የመጣ ነው። ባርነት በሕግ ከቀረ በኋላ ቅኝ ገዢዎች በኮንትራት እያጋዙ ወደ እርሻና ወደ ሐዲድ የወሰዷቸው ሕንዶችና ቻይናዎች የሚጠሩበት ስም ነበር። እኛ ጋ ሲደርስ እንደ ባዶ ጆንያ ቀለል አለ።

ወደ ጋዜጠኛውና አሳሹ ሄንሪ ሞርተን ስታንሊ ልምጣ። እሱን ማለፍ አይቻልም። ሊቪንግስተንን ፍለጋ ሄዶ በ1871 ታንጋኒካ ሐይቅ ዳር ባለችው ኡጂጂ ላይ አገኘው፣ በ1872 መጽሐፉን አሳተመ። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ሥዕል አለ፤ ከሁሉም በላይ እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው።

ስታንሊ እየተመለሰ ነው። ሊቪንግስተን አብሮት አልመጣም፤ ማስታወሻውንና ደብዳቤዎቹን በሳጥን አድርጎ ሰጥቶታል። ዝናቡ ወንዞቹን ሞልቷቸዋል። ሳጥኑን የተሸከመው አንድ ወጣት ነው። ስታንሊ «ሮጃብ» ብሎ ጽፎታል፤ ረጀብ መሆን አለበት። ረጀብ ወንዙ ውስጥ ገባ። መሀል ላይ እግሩ ጥልቅ ጉድጓድ አገኘና ሰውነቱ ሰጠመ። ጭንቅላቱና ሳጥኑ ቀሩ። ስታንሊ ሽጉጡን አወጣና ግንባሩ ላይ አነጣጠረ። የሥዕሉ መግለጫም ጩኸቱ ራሱ ነው፦ «ተጠንቀቅ! ያንን ሳጥን ብትጥል እተኩስብሃለሁ!»

ይሄ ሥዕል በጠላት የተሳለ አይደለም። ተደብቆ የወጣም አይደለም። ስታንሊ ራሱ ያሳተመው ነው። ለአንባቢው የቀረበው እንደ አስደሳች ትዕይንት ነው፤ ሳጥኑ ይድን ይሆን? አንባቢው ልቡ የሚንጠለጠለው ለሳጥኑ ነው። መግለጫዋ ይህንን ሥራ ጨርሳዋለች። «ሊሰጥም የነበረው ሰው» ብትል ኖሮ ሌላ ሥዕል ይሆን ነበር፤ አንዲት መስመር እንኳ ሳይለወጥ።

ለነገሩ ረጀብ ተሻገረ። ሳጥኑ ደህና ስለነበር ከቅጣት ተረፈ። ሁለተኛ እንዳይነካው ተነገረውና ሸክሙ ለሌላ ተሰጠ። በዚሁ መጽሐፍ ስታንሊ የጠፉ ተሸካሚዎችን እንዳስገረፈና በሰንሰለት እንዳሰረ ሳያፍር ጽፏል። ሰንሰለት! የባሪያ ነጋዴ እጅ ላይ ሲሆን «ጭካኔ» የተባለው ሰንሰለት። እዚህ ስሙ ሥርዓት ማስከበር ሆነ።

እስካሁን ያለው በተጓዦች ዘመን ነው። መንግሥት ሲመጣ ነገሩ ከፋ። በ1885 የቤልጂጉ ንጉሥ ሊዮፖልድ ሁለተኛ ኮንጎን የግሉ አደረገ። ይህን ያደረገው ምን ብሎ ነው? የባሪያ ንግድን ላጠፋ ብሎ! የሊቪንግስተን ዓይነቶቹ ሥዕሎች የአውሮፓን ልብ አስቀድመው ስላለሰለሱለት በሩን ማንኳኳት ብዙም አላስፈለገው።

የኮንጎ ወንዝ ከባሕሩ ብዙ ሳይርቅ ፏፏቴና አለት ይበዛበታል። መርከብ ማታዲ ከምትባለው የወደብ ከተማ ወዲያ አይሄድም። እስከ ዛሬዋ ኪንሻሳ ድረስ ወደ 400 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የእግር መንገድ ነው። ዕቃው ሁሉ በሰው ጭንቅላት ይጓዛል። ጠመንጃው፣ ወይን ጠጁ፣ የእንፋሎት መርከቡ እንኳን ተፈታትቶ። አንድ ሸክም 30 ኪሎ ገደማ ነው። ተሸካሚ የሚመጣው የየመንደሩ አለቃ «ይሄን ያህል ሰው አምጣ» እየተባለ ነው። ያላመጣ ይቀጣል። መቅጫው ከጉማሬ ቆዳ የተተለተለ አለንጋ ነበር፤ እነሱ «ቺኮት» ይሉታል። እኛ አገር አለንጋው ራሱ «ጉማሬ» ስለሚባል ሳላብራራው የገባችሁ ይመስለኛል።

ኤድሞን ፒካር የሚባል የቤልጂግ ሴናተር በ1896 በዚያ መንገድ ተጉዞ ያየውን ጽፏል። ሰውየው የቅኝ ግዛት ተቃዋሚ አልነበረም። ግን ተሸካሚዎቹን ሲገልጽ ብዕሩ ይለወጣል። ቡትቶ የለበሱ፣ የከሱ፣ በሺዎች እየተሰለፉ የሚመጡ፣ መንገድ ላይ ወይም ቤታቸው ደርሰው በድካም የሚሞቱ ሰዎች ይላቸዋል። ጽሑፉ ያየው ይሄን ነው። በዚያ ዘመን በታተሙት ሥዕሎች ውስጥ ግን የወደቀ ተሸካሚ ማግኘት ከባድ ነው። ሁሉም እንደቆመ ይሄዳል። ደህና የበላ፣ ጡንቻው የወጣ። የፓሪስ ሠዓሊ የሰው ገላ መሳል የተማረው ከግሪክ ሐውልት ነውና!

አንድ ሌላ ዓይነት ሥዕል ላንሳ። በ1884 ኤድዋር ማንዱዎ የተባለ ቤልጂጋዊ «ሥልጣኔ በኮንጎ» ብሎ የሰየመው የዘይት ቀለም ሥዕል ሠርቷል። አንድ ጥቁር ሰው ይገረፋል። ነጩ ቆሞ ያያል። ርዕሱን ደግማችሁ አንብቡት። ይሄ ሰው የመግለጫን ኃይል ገብቶት ነበር። ሥዕሉ ዛሬ ብራስልስ አጠገብ ቴርቩረን ባለው የአፍሪካ ሙዚየም ነው።

ከ1890 እስከ 1898 የማታዲ ባቡር ተሠራ። ሐዲዱን የሠሩት ከብዙ የአፍሪካ ጠረፍ የመጡ ሰዎችና ቻይናዎች ናቸው። የመንግሥቱ የራሱ ቁጥር 132 ነጮችና 1,800 ነጭ ያልሆኑ ሰዎች ሞቱ ይላል፤ ሁለተኛው ቁጥር እንዲህ ድፍን ብሎ መቀመጡን እዩልኝ። ኋላ ለተሸካሚዎቹ ሐውልት ቆመላቸው። ሦስት የብረት ሰዎች፤ አንዱ ሣጥን ተሸክሞ ቆሟል፣ ሁለቱ አጠገቡ ዝለው ወድቀዋል። በመጨረሻ የወደቀ ተሸካሚ ተቀረጸ ማለት ነው። ከሥሩ የተጻፈው ግን «ባቡሩ ከሸክም ነጻ አወጣቸው» የሚል ነበር። እንደ ሙያ ሰው ባርኔጣዬን ላነሳለት እወዳለሁ፤ ሸክሙ እንደ ዝናብ ከሰማይ የወረደ ይመስላል። ጫኝ የለውም።

ታዲያ ፎቶግራፍ ሲመጣ ነገሩ ተስተካከለ ትሉ ይሆናል። ግማሽ ግማሽ።

በግንቦት 1904 ባሪንጋ በሚባል የሚሲዮን ጣቢያ፣ አሊስ ሲሊ ሃሪስ የምትባል እንግሊዛዊት ሚሲዮናዊት አንድ ፎቶ አነሳች። ዘመኑ የጎማ ዘመን ነው። የመኪናና የብስክሌት ጎማ ለመሥራት አውሮፓ የዱር ጎማ፣ ማለትም ከጫካ ሐረግ የሚወጣ ሙጫ፣ ትፈልጋለች። መንደርተኛው ከጫካ ለቅሞ ማምጣት አለበት። ኮታው ካልሞላ የኩባንያው ጠባቂዎች ይመጣሉ። ፎቶው ላይ አንድ ሰው በረንዳ ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ንሳላ ይባላል። ፊት ለፊቱ መሬት ላይ ሁለት ትንንሽ ነገሮች አሉ፤ እነሱን ያያል። በስተጀርባ ሰዎች ቆመው እሱን ያዩታል። ፎቶው ጸጥ ያለ ነው። አንድ ሰው በአሳብ የተዋጠ ይመስላችኋል።

ሁለቱ ነገሮች የአምስት ዓመት ልጁ የቦዓሊ እጅና እግር ናቸው።

ይሄን የሚነግራችሁ መግለጫው ነው። ያለሱ ፎቶው ዲዳ ነው። አሊስና ባለቤቷ ጆን ይህን ገብቷቸው ነበር። ፎቶውን ይዘው በእንግሊዝና በአሜሪካ አዳራሾች ዞሩ። በጨርቅ ላይ በመብራት እያሳዩ፣ አጠገቡ ቆመው በአፋቸው ተናገሩ። የሰውየውን ስም ጠሩ፣ የልጅቱን ስም ጠሩ፣ የመንደሩን ስም ጠሩ። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ቆንስል ሮጀር ኬዝመንት ያጠናው ዘገባም ወጥቶ ነበር። በ1908 ሊዮፖልድ ኮንጎን ለቤልጂግ መንግሥት ለማስረከብ ተገደደ። የግዳጅ ሥራው ግን በዚያ አልቆመም፤ በፈረንሳይና በፖርቱጋል ግዛቶችም ገና አሥርት ዓመታት ቀጥሏል። በፈረንሳይ ቅኝ ግዛቶች በሕግ የተከለከለው በ1946 ነው። አባቶቻችን ያስታውሱታል ማለት ነው።

ስለራሴ አንድ ነገር ልናዘዝ፤ ሌላውን ብቻ ስወቅስ ማምሸት አይሆንልኝም። ከዓመታት በፊት የቡና ለቀማ ፎቶ መጣልኝ። ብርሃኑ ያምራል። አንዲት ልጅ ቅርጫት ይዛ ቀና ብላለች፣ ትንሽ ፈገግ ያለች ትመስላለች። ከሥሩ «የመኸር ደስታ» ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ቃል፣ አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ፎቶ አንሺው ከወራት በኋላ ሻይ ላይ አገኘኝና «ያቺ ልጅ እኮ እያለቀሰች ነበር» አለኝ። ከትምህርት ቤት አስቀርተዋት ነው። ዓይኗን ፀሐይ መትቷት ፊቷ ሲጨማደድ ነው ፈገግታ የመሰለኝ። ስሟን ጠየቅኩት። አላስታወሰውም። እኔም በጊዜው አልጠየቅኩም።

ከዚያ ወዲህ ፎቶ ሲመጣልኝ አንድ ጥያቄ አስቀድማለሁ፦ የሚሠራው ሰው ስሙ ማን ነው? ብዙ ጊዜ መልስ የለም። ረጀብ እንኳን ስሙ መጽሐፍ ውስጥ የገባው በደህና ስለተሸከመ አይደለም። ሳጥኑን ሊጥለው ስለነበር ነው። በደህና ተሸክመው የተሻገሩት አብዛኞቹ ሥዕሉ ውስጥ ጀርባና ባት ሆነው ቀርተዋል።

ወደ ካፌው ልመልሳችሁና ላብቃ። ባለፈው ሳምንት ይሄን ንግግር ሳዘጋጅ ባለቤትየውን ጋሽዬን «እባክህ ፍሬሙን አውርድልኝ» አልኩት። «ለምን? ለጌጥ ነው እኮ» አለኝ። «ከሥሩ ምን እንደሚል ልይ» አልኩት። «ምንም አይልም፣ እንዲሁ ገዝቼ ነው ያሰቀልኩት» አለ። ግን ደግ ሰው ነው፣ ወንበር ላይ ወጥቶ አወረደው። ጀርባውን በቢላ ፈታነው። እውነትም ፍሬም ሠሪው ገጹ አልገባ ብሎት የታችኛውን ጠርዝ አጥፎታል። ወረቀቱ እንዳይሰበር ቀስ ብለን ዘረጋነው። በፈረንሳይኛ ሁለት ቃል ብቻ ነበረች። ጋሽዬ መነጽሩን አድርጎ ለረጅም ጊዜ አያትና «ምን ማለት ነው?» አለኝ።

«መንገድ ላይ» አልኩት።

ሥዕሉን ደግሞ አየው። ጣቱን አነሳና ከሰልፉ ጫፍ ጀምሮ መቁጠር ጀመረ።